ያሉዎትን ልጆች ይዘው ይጀምሩ፦ አጨዋወትን ለተጫዋቾች የማስተካከል መመሪያ ለቅርጫት ኳስ አሰልጣኞች

የክለብ አሰልጣኝ ተጫዋች ያስፈርማል። የአሜሪካ ኮሌጅ አሰልጣኝ ስኮላርሺፕ ይዞ ከከተማ ከተማ እየዞረ ይመለምላል። የትምህርት ቤት ወይም የሰፈር ቡድን አሰልጣኝ ግን ሊመዘገቡ የመጡትን ልጆች ይዞ ነው የሚጀምረው። ዘንድሮ ሦስት ረጃጅሞች ይመጡለታል፤ በሚቀጥለው ዓመት ከእሱ ትከሻ የሚያልፍ አንድ ልጅ ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ «አጨዋወቴን ለልጆቹ ላስተካክል ወይስ እነሱ ወደ እኔ አጨዋወት ይምጡ?» የሚለው ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣበታል።

መልሱ አጭር ነው፦ ያስተካክሉ። ከባዱ ነገር ምኑ እንደሚስተካከል፣ ምኑ እንደማይነካና ለውጡ መቼ እንደሚደረግ መለየት ነው። በተለይ ታዳጊዎችን የሚያሠለጥን ሰው አንድ ተጨማሪ ኃላፊነት አለበት፤ አጨዋወቱ ልጆቹ ዛሬ ለሆኑት ብቻ ሳይሆን ነገ ሊሆኑ ለሚችሉትም ቦታ መተው አለበት። የሚከተሉት ስምንት ደረጃዎች የተቀመጡት በሥራው ቅደም ተከተል ነው።

ደረጃ 1፦ የማይነካውን ከሚስተካከለው ይለዩ

ለዚህ ከጆን ውደን የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ውደን ዩሲኤልኤን ማሠልጠን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1948 ሲሆን የመጀመሪያውን የአሜሪካ ኮሌጆች ዋንጫ ያነሱት በ1964 ነው። በዚያ ቡድን ውስጥ ከቋሚ ተሰላፊዎቹ መካከል ከ1.96 ሜትር በላይ የሚረዝም አልነበረም፤ ለዚያ ደረጃ ውድድር አጫጭሮች ነበሩ። ረዳታቸው ጄሪ ኖርማን ሙሉ ሜዳውን የሚሸፍን 2-2-1 የዞን ፕሬስ እንዲጫወቱ ወተወቷቸው፤ ውደንም ሰሟቸው። ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከመሃል፣ አንድ ከኋላ። ከኋላ የሚቆመው ኪት ኤሪክሰን በዚያው ዓመት በቶኪዮ ኦሎምፒክ ለአሜሪካ በመረብ ኳስ የተሰለፈ፣ ከፍ ብሎ የሚዘልና ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ ቀድሞ የሚገባው ልጅ ነበር። ተጋጣሚዎች ኳሱን ረጃጅሞቻቸው ጋ ሳያደርሱ ይነጠቁ ጀመር። ቡድኑ 30 ጊዜ ተጫውቶ 30ውንም አሸነፈ፤ በፍጻሜው ዱክን 98 ለ83 ረታ።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ለእኚሁ አሰልጣኝ 2.18 ሜትር የሚረዝመው ሉ አልሲንዶር መጣላቸው፤ በኋላ ካሪም አብዱልጀባር የተባለው ማለት ነው። ውደን ማጥቃቱን ከነጻ ምት መስመር አካባቢ የሚጀምረውን የቆየ አሰላለፋቸውን አስቀምጠው፣ ረጅሙ ልጅ ቅርጫቱ አጠገብ ኳስ የሚቀበልበትን አዲስ አሰላለፍ ሠሩ። በ1967፣ በ1968 እና በ1969 ዋንጫውን ወሰዱ። አልሲንዶር ሲመረቅ ወደ ቀድሞው አሰላለፍ ተመለሱ፤ በ1970ም በ1971ም አሸነፉ።

በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ያልተለወጠም ነገር ነበር። ውደን በልምምዱ የመጀመሪያ ቀን ለሁሉም ተጫዋች ካልሲ እንዴት እንደሚደረግ ያሳዩ ነበር። የተጨማደደ ካልሲ እግር ያቆስላል፤ እግሩ የቆሰለ ልጅ ደግሞ አይሮጥም። የቡድኑ ረጅምም አጭርም ከዚህ ትምህርት አይቀርም ነበር።

እርስዎም ወረቀት ይውሰዱና መሃሉን በመስመር ይክፈሉት። በግራ በኩል ማንም ተጫዋች ቢመጣ የማይነካውን ይጻፉ። ለምሳሌ፦ ኳስ ስንነጠቅ ሁላችንም በሩጫ እንመለሳለን፤ ኳስ ወደ ቅርጫት ሲወረወር መጀመሪያ የምንይዘውን ሰው በጀርባችን እንዘጋለን፤ የተሻለ ቦታ ላይ ላለ ጓደኛ እናቀብላለን፤ በመከላከል ጊዜ ድምፃችንን እናሰማለን፤ ልምምድ በሰዓቱ ይጀመራል። ልብ ይበሉ፤ ከእነዚህ አንዱም ቁመት አይጠይቅም። በቀኝ በኩል የሚስተካከለውን ይጻፉ፦ የጨዋታው ፍጥነት፣ የማጥቃት አሰላለፍ፣ ዞን ወይስ ሰው በሰው፣ ፕሬሱ ከየት እንደሚጀምር፣ ኳሱን ማን ይዞ እንደሚመጣ።

የግራው ዝርዝር ከአምስት መስመር ካለፈ የሚወዱትን ሁሉ መርህ አድርገውታል ማለት ነው። ይቀንሱት።

ደረጃ 2፦ ከማስተማርዎ በፊት ይመልከቱ

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አሰላለፍ የሚያስጠኑባቸው ሳይሆኑ ልጆቹን የሚያውቁባቸው ናቸው። የሚከተሉትን ያድርጉና ውጤቱን በስም በስም ይመዝግቡ።

• በግማሽ ሜዳ ሦስት ለሦስት ያጫውቷቸውና ዝም ብለው ይቀመጡ። ኳስ የሚፈልገው ማን ነው? ኳስ ሲመጣበት የሚደነግጠውስ? ኳስ ሳይዝ የሚንቀሳቀስ አለ?

• ከአምስት ቦታ፣ ከየቦታው አሥር አሥር ጊዜ ሹት ያስደርጉ፦ ከሁለቱ ማዕዘን፣ ከሁለቱ ክንፍና ከነጻ ምት መስመር። «ጥሩ ወርዋሪ ነው» የሚለውን ግምት ቁጥሩ ያስተካክለዋል።

• ሜዳውን ደርሶ መልስ ካስሮጧቸው በኋላ ወዲያው ሁለት ነጻ ምት ያስወርውሩ። የጨዋታው መጨረሻ ላይ የሚያዩት ይህንን እጅ ነው።

• በማይመቻቸው እጅ ሌይአፕ ያስሞክሩ። በአንድ እጅ ብቻ የሚሄድ ልጅ በሁለተኛው ጨዋታ ይታወቅበታል።

• አንዱን ልጅ ኳስ አስይዘው ሁለት ተከላካይ ይላኩበት። አይቶ ያቀብላል ወይስ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል? ፕሬስ ሲመጣባችሁ ኳሱን ማን እንደሚይዝ የሚወሰነው እዚህ ነው።

በመጨረሻም ልጆቹን ይጠይቋቸው፦ «ሜዳው ላይ የት ስትሆን ነው የሚቀልልህ?» መልሳቸው ሁልጊዜ ትክክል ላይሆን ይችላል፤ ግን የሚተማመኑበትን ቦታ ያሳይዎታል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሁለት መስመር ይጻፉ፦ ከሁሉ አብልጦ የሚሠራው አንድ ነገር፣ ተጋጣሚ የሚጠቀምበት አንድ ድክመት።

ደረጃ 3፦ ሦስት ጥያቄዎችን ይመልሱ

ማስታወሻዎን ፊትዎ አስቀምጠው ስለ ፍጥነት፣ ስለ ክፍት ቦታና ስለ መከላከል ይወስኑ።

በምን ፍጥነት እንጫወት? እ.ኤ.አ. በ2004 ስቲቭ ናሽ ፊኒክስ ሰንስን ሲቀላቀል፣ አሰልጣኙ ማይክ ዳንቶኒ ቡድኑን ቀለል ባሉ ሯጮች ሞልተው ኳሱ ከተያዘ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ማጥቃት ጀመሩ። በቀደመው ዓመት 29 ጨዋታ ብቻ ያሸነፈ ቡድን 62 አሸነፈ። እኚሁ ዳንቶኒ በ2016 ሂውስተን ሮኬትስን ሲረከቡ ሁለተኛ ናሽ አላገኙም። ያገኙት ጄምስ ሃርደንን ነው፤ እሱን ወደ ፖይንት ጋርድ አምጥተው ጨዋታውን በእጁ ላይ ሠሩት። በዚያ ዓመት ሃርደን በአማካይ 11.2 አሲስት በማቀበል ሊጉን መራ። አሰልጣኙ ለሰፊ ሜዳና ለሦስት ነጥብ ያላቸውን እምነት አልተዉም፤ ኳሱን የሚመራው ሰው ሲለወጥ ግን የጨዋታው ቅርጽም ተለወጠ።

በሌላው ጫፍ የፕሪንስተኑ ፒት ካሪል አሉ። ለስፖርት ስኮላርሺፕ በማይሰጥ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ከተጋጣሚዎቻቸው ይልቅ ዝግ የሚሉ ግን ጨዋታ የሚያነቡ ልጆችን ይዘው፣ ኳሱን በትዕግሥት እያቀባበሉ ከተከላካይ ጀርባ የሚቆርጡበትን አጨዋወት አሳደጉ። በ1996 የቀደመውን ዓመት ባለ ዋንጫ ዩሲኤልኤን 43 ለ41 ከውድድር ሲያስወጡ የማሸነፊያዋ ቅርጫት የተገኘችው በዚያው በጀርባ ቆረጣ ነበር።

የእርስዎ ልጆች ከሯጮቹ ወገን ከሆኑና ብዙ ተቀያሪ ካለዎት ያፍጥኑት። ኳስ የሚይዝ አንድ ልጅ ብቻ ካለዎት አያፍጥኑ፤ በሩጫ ውስጥ ኳስ የሚነጠቁት ሌሎቹ አራቱ ናቸው። የ24 ሰከንድ ሰዓት በሌለበት ውድድር ደግሞ ትዕግሥት ያለው ደካማ ቡድን ጠንካራውን ሊያስጨንቅ ይችላል።

ክፍቱ ቦታ የት ይሁን? ከርቀት የሚያስገቡ ሦስት ልጆች ካሉዎት ውጪውን ይያዙና መሃሉን ክፍት ይተዉ። ከሌሉዎት ተከላካዮቹ መሃሉን ሞልተው ይጠብቋችኋል፤ ስለዚህ ነጥብ መገኘት ያለበት እነሱ ከመደርደራቸው በፊት በፈጣን መልሶ ማጥቃት፣ ወይም የተሳተ ኳስ ላይ በሚደረግ ሪባውንድ ነው።

ከየት እንከላከል? አጭርና ፈጣን ከሆናችሁ መከላከላችሁ ከተጋጣሚ ቅርጫት ይጀምር። ረጅምና ዘገምተኛ ከሆናችሁ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ መሃሉን ዝጉ። እዚህ ላይ ለታዳጊ አሰልጣኞች ማሳሰቢያ አለኝ። ከ14 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከርቀት ለማስገባት ጉልበት ስለሚያንሳቸው፣ 2-3 ዞን የሚጫወት ቡድን በቀላሉ ያሸንፋል። ነገር ግን በዞን ያደገ ልጅ አንድ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ መያዝን ሳይማር 18 ዓመት ይሞላዋል። በአውሮፓ በርካታ አገሮች በታናናሾቹ ውድድር ዞንን የከለከሉት በዚህ ምክንያት ነው። እርስዎም ሰው በሰውን ያስቀድሙ።

ደረጃ 4፦ ለውጡን ሜዳ ላይ ይፈትኑት

ውሳኔ ወረቀት ላይ ያምራል፤ እውነቱ የሚታየው በልምምድ ነው። ብዙ አሰልጣኞች የሚወዱትን አንድ አሰላለፍ እንውሰድ፦ አምስቱም ከሦስት ነጥብ መስመር ውጪ ቆመው መሃሉ ባዶ ይሆናል፤ ኳስ የያዘው ሰንጥቆ ይገባል።

አሁን ከአምስቱ አንዱ ረጅምና ጠንካራ ነው፤ ከውጪ ግን አያስገባም። ምን እንደሚሆን ይመልከቱ። የእሱ ያዥ ትቶት ሄዶ ቅርጫቱ ፊት ይቆማል። የእርስዎ ጋርድ ሰንጥቆ ሲገባ ከዚያ ሰው ጋር ይላተማል። ጋርዱ የገባበት መንገድ ትክክል ነበር፤ መንገዱን የዘጋው የጓደኛው አቋቋም ነው። ሦስት መፍትሔ አለዎት።

አንደኛ፣ ረጅሙን ልጅ ከቅርጫቱ ጎን፣ ከቀለም የተቀባው ክልል ውጪ፣ የመጨረሻው መስመር አጠገብ ያቁሙት። ጋርዱ ሲገባ ያዡ ለእርዳታ ከወጣ አንድ አጭር ቅብብል ሌይአፕ ትሆናለች። ካልወጣ ጋርዱ ራሱ ይጨርሳል።

ሁለተኛ፣ ስክሪን ሰሪ ያድርጉት። ያዡ ርቆ ቆሟልና በስክሪኑ ሲያልፍ ጋርዱን የሚቀበለው ሰው የለም። ተጋጣሚ ልጁን በመናቅ የተወው ቦታ ለጓደኛው ክፍት ሹት ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ነጻ ምት መስመር ላይ ኳስ ይቀበልና ጓደኞቹ በዙሪያው ይቁረጡ። ይህ የሚሠራው ኳስ ይዞ ቀና ብሎ ማየት ከቻለ ነው፤ በሁለተኛው ደረጃ ሁለት ተከላካይ የላኩበት ለዚህም ነው።

እያንዳንዱን መፍትሔ በልምምድ ላይ አሥር አሥር ጊዜ ያስጫውቱ። ስንቴ ቅርጫት አጠገብ ደረሳችሁ? ስንቴ ኳስ ተነጠቃችሁ? ብልጫ ያሳየውን ይያዙ፤ ሌሎቹን ለጊዜው ይተዉ። አንድ በደንብ የተጠና አሰላለፍ በግማሽ ከተጠኑ አምስቱ ይበልጣል።

ደረጃ 5፦ ሥራውን ለእያንዳንዱ በግል ይንገሩት

አሰልጣኙ ያስተካከለው ነገር ለተጫዋቹ ቅጣት ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ከጨዋታ በፊት፣ ከሌሎቹ ለይተው፣ ማስታወሻውን ይዘው ያነጋግሩት። ከአንዲት ተጫዋች ጋር ንግግሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል።

«ኮች፣ እኔ ለምንድነው ከውጪ ሹት የማላደርገው? ሁሉም ያደርጋል እኮ።»

«ነይ ተመልከች፤ ከማዕዘን ከአሥሩ ሁለቱን ነው ያስገባሽው። ከነጻ ምት መስመር ግን ከአሥሩ ሰባቱን። ለጊዜው ኳስ የምትቀበዪው እዚያ ነው።»

«በቃ እስከ መጨረሻው?»

«አይደለም። ከልምምድ በኋላ አብረን ከማዕዘን እንሠራለን። ከአሥሩ አራቱን ማስገባት ስትጀምሪ ጨዋታ ላይ ታደርጊዋለሽ።»

በዚህ አጭር ንግግር ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ። ምክንያቱ በቁጥር ቀርቧል፣ ስለዚህ የአሰልጣኙ ጥላቻ ወይም አድልዎ አይመስልም። ቦታዋ በግልጽ ተነግሯታል። መውጫ መንገዱም ታይቷታል። ሦስተኛው ከጎደለ ልጅቷ ልምምድ ትመጣለች፤ ልቧ ግን አይመጣም።

ደረጃ 6፦ ልጁን በዛሬ ቁመቱ አይፍረዱበት

አጨዋወትን ለተጫዋች ማስተካከል የሚያስከትለው ትልቁ አደጋ ይህ ነው። በ13 ዓመቱ ከጓደኞቹ የረዘመ ልጅ ቅርጫት ሥር ይቆማል፣ እጁን ያነሣል፣ ቡድኑ ያሸንፋል። በ17 ዓመቱ ሌሎቹ ይደርሱበታል። ያኔ ድሪብል አያውቅም፣ ከውጪ አያስገባም፣ ፊቱን ወደ ቅርጫት አዙሮ ተጫውቶ አያውቅም። አሰልጣኙ ለሦስት ዓመት ዋንጫ የልጁን ዐሥር ዓመት ከፍሎበታል።

የአንቶኒ ዴቪስ ታሪክ ተቃራኒውን ያሳያል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲገባ ቁመቱ መካከለኛ ነበርና ጋርድ ሆኖ ተጫወተ። ከዚያ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከ2 ሜትር በላይ ረዘመ። በ2012 በኤንቢኤ ምርጫ አንደኛ ሆኖ ሲወሰድ፣ የረጅም ሰው አካል ከጋርድ እጅ ጋር ነበረው።

ስለዚህ ለጨዋታ የሚያስተካክሉትና ለልምምድ የሚያስተካክሉት ይለያይ። ጨዋታ ላይ እያንዳንዱ የሚችለውን ይሥራ። ልምምድ ላይ ግን ረጅሙም ኳስ ይንዳ፣ አጭሩም ጀርባውን ሰጥቶ ቅርጫት አጠገብ ይጫወት። ከእያንዳንዱ የልምምድ ክፍለ ጊዜ ሩቡን ለዚህ ይተዉ። ሰፊ ልዩነት በተፈጠረባቸው ጨዋታዎችም፣ እየመራችሁም ሆነ እየተመራችሁ፣ ልጆቹን ከለመዱት ቦታ ውጪ ያሰልፏቸው።

ደረጃ 7፦ ተጫዋቹ ወደ ሥርዓቱ መምጣት ያለበትን ጊዜ ይወቁ

አሰልጣኙ ሁልጊዜ ይጎንበስ ማለት አይደለም። ፊል ጃክሰን በ1989 ቺካጎ ቡልስን ሲረከቡ ከረዳታቸው ከቴክስ ዊንተር ጋር ሆነው ሦስት ማዕዘን የሚባለውን ማጥቃት ተከሉ። በዘመኑ የነጥብ ንጉሥ የነበረው ማይክል ጆርዳን ኳሱን ለሌሎች ማካፈሉን መጀመሪያ አልወደደውም። በመጀመሪያው ዓመት ቡድኑ በዲትሮይት ተሸንፎ ቀረ። በ1991 ዋንጫው መጣ፤ ጃክሰን በቺካጎ ስድስት፣ በሎስ አንጀለስ ሌከርስ አምስት አነሱ።

ይኸው ሥርዓት ጃክሰን የኒውዮርክ ኒክስ ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሄዱ ተከትሏቸው ሄደ። በ2014-15 የውድድር ዘመን ኒክስ 17 አሸንፎ 65 ተሸነፈ። ሥርዓቱ ሳይለወጥ እዚያ ያሸነፈው እዚህ ወደቀ፤ በውስጡ የነበሩት ሰዎች የተለያዩ ነበሩና።

ከዚህ የሚወሰደው መለኪያ ቀላል ነው። ልጆቹን ወደ አጨዋወትዎ ማምጣት የሚገባዎት ለሁለት ጥያቄዎች አዎ ብለው መመለስ ሲችሉ ነው። የሚጠይቁት ነገር በልምምድ ሊደረስበት ይችላል? ለመማርስ በቂ ጊዜ አለ? ማቀበል፣ ስክሪን መሥራት፣ ጓደኛን መርዳት ይደረስባቸዋል፤ ይጠይቁ፣ ይወትውቱ። 15 ሴንቲ ሜትር ቁመት ግን በልምምድ አይመጣም። ወሩ ካለቀ በኋላ የሚበተን ቡድንን ደግሞ ሁለት ዓመት የሚፈጅ ሥርዓት አያስጀምሩት።

ደረጃ 8፦ ውድድር መሃል ሲለውጡ ጥቂት ይለውጡ

ሁለት ጨዋታ በተከታታይ የተሸነፈ አሰልጣኝ ሁሉንም ነገር መገልበጥ ያምረዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በሳምንት ውስጥ አዲስ ማጥቃትና አዲስ መከላከል የተሰጠው ቡድን ሁለቱንም አይዝም።

በ2015 የኤንቢኤ ፍጻሜ ጎልደን ስቴት ዋሪየርስ በክሊቭላንድ ካቫሊየርስ 2 ለ1 እየተመራ ነበር። ከአሰልጣኙ ስቲቭ ከር ረዳቶች አንዱ የነበረው ወጣቱ ኒክ ዩሬን የቆዩ ጨዋታዎችን ሲመለከት አምሽቶ አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ ረጅሙ አንድሩ ቦገት ወንበር ላይ ይቀመጥ፣ አንድሬ ኢግዎዳላ ከመጀመሪያው ይግባ። ከር ተቀበሉት። አጨዋወታቸው ያው ነበር፤ የተቀየረው አንድ ሰው ነው። ዋሪየርስ ቀጣዮቹን ሦስት ጨዋታዎች አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ፤ ኢግዎዳላም የፍጻሜው ኮከብ ተባለ።

እርስዎም በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ። መጀመሪያ ሰው ይቀይሩ፣ ቀጥሎ ያንኑ ሰው ሌላ ቦታ ያቁሙ፣ ከዚያ ፍጥነቱን ይቀንሱ ወይም ይጨምሩ። አሰላለፉን መለወጥ የመጨረሻው ይሁን። ከመወሰንዎ በፊትም የሦስት ጨዋታ ቁጥር ይያዙ፦ ኳስ የተነጠቃችሁበት፣ ተጋጣሚ በማጥቃት ያገኘው ሪባውንድ፣ ያገኛችሁት ነጻ ምትና ከቅርጫቱ አጠገብ የሞከራችሁት። የማስገባት ዕድል እያገኛችሁ ኳሱ ብቻ እምቢ ካለ አጨዋወቱን አይንኩ፤ ሹት ያለማምዱ። ዕድሉ ራሱ ካልተገኘ ግን ችግሩ ከአጨዋወቱ ነው። ረዳትዎንና ከወንበር የሚመለከቱትን ልጆችም ይጠይቁ፤ ኖርማንም ዩሬንም ሐሳባቸውን ያቀረቡት ዋና አሰልጣኝ ሳይሆኑ ነው።

የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ሁለት ጥያቄ ይመልሱ። ቡድኑ በነበሩት ልጆች አቅም ልክ ተጫውቷል? እያንዳንዱ ልጅስ መጀመሪያ ቀን የማይችለውን አንድ ነገር ዛሬ ይችላል? የመጀመሪያውን ብቻ አዎ ካሉ ልጆቹን ተጠቅመውባቸዋል እንጂ አላሳደጓቸውም። ሁለተኛውን ብቻ አዎ ካሉ በሚቀጥለው ዓመት አሰላለፍዎን እንደገና ያጥኑት። ለሁለቱም አዎ ማለት ከቻሉ፣ የውጤት ሰሌዳው ምንም ይበል ምን፣ ሥራዎን ሠርተዋል።